የቡላ መርዶ

አሰለፈችን የናዝሬት እህል ገበያ ሰው የሚያውቃት በወስፌዋ ነው። ከመጋዘኖቹ በአንዱ ደጃፍ ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ ትጠግን ነበር። ከአርሲ ነገሌ የሚጫነው ስንዴ መንገድ ላይ እየተንጠባጠበ ስለሚመጣ ሥራ አጥታ አታውቅም። ጣቶቿ አንዱ ሲድን ሌላው እየተወጋ፣ ሁሉም ደህና ሆነው የዋሉበት ቀን የለም። ታዲያ እጇ ሲሰፋ አፏ ዝም አይልም፤ ሾፌሩን ትለክፋለች፣ ደላላውን ታበሽቃለች፣ ባወራችው ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ያንን ሳቅ የሰማ ሁሉ፣ ይቺ ሴት ሐዘን ደጇን ረግጦ የማያውቅ የታደለች ናት ይላል።

ሐዘንማ ረግጦታል። ደገፋ የሚባል አንድ ልጅ ነበራት፤ አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከቤት ወሰዱት። እንዲህ ሆነ ብሎ ያረዳት ሰው አልነበረም። አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎበት ራሷ አገኘችው። ማልቀስ ክልክል ነበርና ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። የተከራየችበት ግቢ ጌታ ጋሼ ጆቴ ብቻ ሬዲዮናቸውን ታቅፈው ገቡ። በሩን ቀረቀሩ፤ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈቱት፤ ሰልፈኛው እየዘመረ፣ መፈክሩ እየተሰማ፣ "በይ አሁን አልቅሺ፤ ውጭ አይሰማም" አሏት። አለቀሰች። እሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው አለቀሱ። አሰለፈች ከዚያ ቀን በኋላ ለጋሼ ጆቴ የማታደርገው ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ ከበር ውጭ ሆና የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ የሥራ ጓደኛዋ እናትነሽ። ያኔ ፈርታ ሳትገባ በመቅረቷ እስከ ዛሬ ያማታል። "ከእንግዲህ አሰለፈች ክፉ ወሬ ሜዳ ላይ አትሰማም፤ እኔ እያለሁ አትሰማም" ብላ ለራሷ ቃል ገብታለች። ቃሏን መጠበቋ ነው በኋላ ጉድ ያመጣው።

ጋሼ ጆቴ አባታቸው ጣሊያን፣ እናታቸው የሞጆ ኦሮሞ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩ መካኒክ ነበሩ። ጋራዣቸው ሲወረስ፣ "ፖርካ ሚዜሪያ! ብሎኑን እንኳ ቆጥረው ወሰዱት" ብለው በአባታቸው ቋንቋ ተራግመው፣ ስቀው አለፉት። ሊያልፉት ያልቻሉት ዓይናቸውን ነው። ውስጥ ውስጡን ግፊት አለበት ተባለ፤ ከዳር እስከ ዳር እየጠበበ፣ እየጨለመ ሄደ። የፊት ለፊቱን ትንሽ ያያሉ፤ ጎንና ጎን ያለው ግን ጠፍቶባቸዋል። በዚያ ጋሪ በሚርመሰመስበት ከተማ መንገድ የሚያሻግራቸው ቡላ ነው፤ ስሙን ከጸጉሩ ቀለም ያገኘ ትልቅ ውሻ። ቦይ ሲደርስ ይቆማል፣ ጋሪ ሲመጣ በጎኑ ይገፋቸዋል። የሚመግበው፣ የሚያጥበው ግን አሰለፈች ናት።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ጣሊያን አገር ያለ የአጎታቸው ልጅ ዓይናቸውን ቀዶ የሚያክምላቸው ሐኪም አገኘ። ለዓመታት ደጅ የጠኑበት የመውጫ ቪዛም በስንት ልመና ተፈቀደ። ቀኑ ግን የተወሰነ ነው፤ ካለፈ ሌላ አይሰጥም ተብሏል። ሐኪሙም ቢሆን ከዚህ በላይ ከዘገየ ምንም ላደርግልዎ አልችልም ብሎ ጽፏል። ሰው ሁሉ እልል ሲል እሳቸው፣ "ያለ ቡላ አልሄድም" አሉ።

"ጋሼ ጆቴ፣ ልብዎ ደህና ነው?" አለች አሰለፈች። "ዓይን ሊያገኙ ነው ውሻ ሊያስጎበኙ ነው የሚሄዱት?"

"በሰው አገር ማን ይመራኛል? የአጎቴን ልጅ መልኩን አላውቀውም። እዚያ ደርሼ ቢጨልምብኝስ?"

"እንግዲያስ ይሄዳል" አለችና ነጠላዋን አደግድጋ ወረቀቱን ፍለጋ አብራቸው ወጣች።

የሰው ቪዛ ከባድ ነው የሚል የውሻ ወረቀት አስፈርሞ አያውቅም ማለት ነው። ቀበሌው መጀመሪያ የጠየቀው ውሻው የተወረሰው ጋራዥ ጠባቂ እንደነበረና እንዳልነበረ ነው። ጠባቂ ከነበረ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ከአገር አይወጣም። "ጋራዡ ሲወረስ እንኳን እሱ እናቱም አልተወለደች" አለች አሰለፈች። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም፤ ምስክር አምጡ አለ። እሷ መሰከረች፣ እናትነሽ መሰከረች፣ ማኅተም ተመታ። ከዚያ የውሻው ቁመት ተለክቶ፣ ቆሞ የሚዞርበት የእንጨት ሳጥን ታዘዘ። አናጢው ለሰው ይመስል አስተካክሎ ሠራው።

ዋናው ጣጣ የጤናው ነበር። የእንስሳት ሕክምናው ዶክተር ነጋሳ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ወጉትና ነገሩን አንድ በአንድ አስረዷቸው። ክትባቱ ከበረራው ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ መሰጠት አለበት። በመጨረሻው ሳምንት እንደገና ይመረመራል፤ የጤና ወረቀቱ ይጻፋል፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄዶ ይታተማል፣ ኤምባሲውም ያየዋል። ከዚህ መካከል አንዱ ከጎደለ ውሻው ወይ አይሳፈርም፣ ወይ እዚያ ሲደርስ ይገደላል።

"በዚህ ሰሞን ከሌላ ውሻ ጋር ተናክሷል?" አሉ ዶክተሩ።

"ውሻ ሆኖ የማይናከስ አለ እንዴ?" አሉ ጋሼ ጆቴ፤ ሁሉም ሳቁ። ከጥቂት ሳምንት በፊት ቄራው አጠገብ አንድ ባለቤት የሌለው ውሻ ጆሮውን ዘንጥሎት፣ አሰለፈች በጨው አጥባው ነበር። ቁስሉ ድኗል፣ ጸጉሩም በቅሎበታል። የዳነ ቁስል ማን ያስታውሳል?

"ዋናውን ልንገራችሁ" አሉ ዶክተሩ። "ሰው ከነከሰ ወረቀት አልጽፍም። አሥር ቀን ታስሮ ይጠበቃል፤ እስከዚያ የትም አይሄድም። የተነከሰውም ሰው ወዲያው ወደ እኛ ይምጣ፤ መርፌ አለው።" አሰለፈች ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ቡላ ሰው ይነክሳል ብሎ ማሰብ ራሱ አሳቃት።

ለመጨረሻው ምርመራ አንድ ቀን ሲቀረው ነው የነከሳት። ሳጥኑን እንዲለምድ ብላ ዳቦ ይዛ ወደ ውስጥ ልታስገባው ስትሞክር አውራ ጣቷን ከሥሩ ያዛት። ጮኸች፤ ለቀቃት። ደሙ ወዲያው አልቆመም። ቡላ ጥግ ሄዶ ተኛና ተኮራምቶ አያት። አሰለፈች አልተቆጣችውም። "ሳጥን ውስጥ ሊከቱህ ሲሉ ማን ደስ ይለዋል?" አለችው። ክትባቱን ወስዷል፣ ጤነኛ ነው፣ ፈርቶ ነው። እጇን በውኃ አለቅልቃ በጨርቅ ጠቀለለችው።

ከዚያ ቁጭ ብላ አሰበች። ብትናገር ቡላ ይታሰራል። ቡላ ከታሰረ ጋሼ ጆቴ አይሄዱም፤ ታውቃቸዋለች፣ እልኸኛ ናቸው። ቪዛው ያልፋል፣ ዓይናቸው ይጠፋል። ለአንድ ጣት ብላ! ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሲታያት ለማሰብም አፈረች። ሰው ይህን ይሉኝታ ይለዋል፤ ይህን የማወራው እኔ ግን ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ ባየሁት ቁጥር እጄን እሳት ላይ የጣልኩ ያህል ነው የሚሰማኝ።

እናትነሽ በማግስቱ ጨርቁን አየችና፣ "ምን ሆነሽ ነው?" አለቻት።

"ወስፌ ነዋ። ሌላ ማን ይወጋኛል?"

እናትነሽም አመነች። የአሰለፈችን ጣት ጨርቅ ጠቅልሎ ማየት ብርቅ አይደለም። ጋሼ ጆቴ ደግሞ ጨርቁን ለማየት ዓይን አልነበራቸውም።

ዶክተር ነጋሳ ቡላን አገላብጠው አዩት። "ትንሽ ከፍቶታል" አሉ።

"ሳጥኑን አይቶ ነው" አሉ ጋሼ ጆቴ።

"ሰው ነክሷል?"

"አሰለፈችን ይጠይቋት፤ የሚውለው ከእሷ ጋር ነው።"

አሰለፈች እጇን ነጠላዋ ውስጥ አስገባች። "በፍጹም፣ ዶክተር። እንኳን ሰው ዝንብ አይነካም።" ዶክተሩ ፈረሙ። ጋሼ ጆቴ ወረቀቱን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፤ ደስታቸው ከፊታቸው ላይ ይነበብ ነበር። እሷም ያን ደስታ አይታ፣ የጣቷ ሕመም ቀለል አላት።

ወደ አዲስ አበባ የወሰዳቸው ሆራ ነው፤ ከነገሌ እህል የሚያመላልስ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር። ሳጥኑን ጆንያ ላይ ጭኖ፣ ጋሼ ጆቴን ጋቢና አስቀመጣቸው። "ነጌያን ዋሊቲ ኑ ሀዴቢሱ" ብለው በእናታቸው ቋንቋ አሰለፈችን መረቋት፤ በደህና ያገናኘን ማለታቸው ነው። አሰለፈች መኪናው ከዓይኗ እስኪጠፋ ቆማ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነው ያለቀሰችው። አንድ ነገር ለእሳቸው ማድረግ ቻለች፤ ያውም ማንም ሳያውቅላት።

አዲስ አበባ በገቡ በሦስተኛው ቀን ቡላ ውኃ እምቢ አለ። ድምፁ ተለወጠ፣ አገጩ ወደቀ፣ ለሃጩ ይዝረበረብ ጀመር። ጋሼ ጆቴ አፉን ከፍተው ውኃ ሊያጠጡት ታገሉ። ሐኪም ዘንድ ሳይደርስ ሞተ። ተመረመረና ያበደ መሆኑ ታወቀ። ክትባቱ አስቀድሞ የገባውን በሽታ አያስወጣም አሏቸው። የጋሼ ጆቴ እጅ የመካኒክ እጅ ነው፤ የተሰነጣጠቀ፤ ለሃጩም ነክቶታል። በየቀኑ ሆዳቸው ላይ የሚወጋ መርፌ ታዘዘላቸው። መርፌው ሳያልቅ ቪዛቸው አለፈ። አውሮፕላኑም ያለ እሳቸው ሄደ።

ጋሼ ጆቴ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ሰው ረሱ አይባልም። ሆራን አስፈልገው፣ "ናዝሬት ስትደርስ ለአሰለፈች ንገራት። ቡላ በእብደት ነው የሞተው። የነከሰው፣ የቧጠጠው ሰው ካለ ዛሬ ነገ ሳይል መርፌ ይጀምር" አሉት። ቃል በቃል አስደገሙት።

ሆራ መጋዘኑ ደጅ ሲደርስ አሰለፈች ሲባጎ ልታመጣ ሄዳ ነበር። ያገኘው እናትነሽን ነው። አንድም ሳያስቀር ነገራት። እናትነሽ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"በእግዜር፣ እንዳትነግራት!" አለችው። "ቡላ ለእሷ ልጇ ማለት ነው። እሳቸውም እንዳልሄዱ ከሰማች ያንገበግባታል። ይምጡ፤ እሳቸው ባሉበት፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጠዋት በወግ ይነገራታል።"

"የተነከሰ ሰው ካለስ?"

"ማን አለ? ራሷ እኮ ናት ለዶክተሩ የመሰከረችው።"

ሆራ ጥቂት አመነታ። መርዶ በሾፌር አፍ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጆንያ ላይ ለተቀመጠች ሴት አይነገርም፤ ይህን እሱም ያውቃል። ያደገበት ወግ ነው። "እንግዲህ ሰምተሻል፤ ከእኔ ወረደ" ብሎ ወደ ነገሌ ነዳ።

አሰለፈች ሲባጎዋን ይዛ ስትመለስ፣ "ሆራ መጥቶ ነበር" አለቻት እናትነሽ። "ጋሼ ጆቴ በሰላም ሄዱ።"

"ቡላስ?"

"እሱም ሄደ።"

አሰለፈች ተነስታ እዚያው ጆንያው መካከል እልል አለች። በሐሰት ወሬ መሬት ስትስም ስታያት እናትነሽ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አሰለፈችም የደስታ መስሏት አቀፈቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወሬዋ ሁሉ የጋሼ ጆቴ ዓይን ሆነ። "አሁን ፋሻው ተፈቶላቸዋል። አሁን ቡላን እያዩት፣ 'ለካስ እንዲህ አስቀያሚ ነህ' እያሉት ነው" እያለች ሾፌሩን ሁሉ ታስቅ ነበር። እናትነሽ አብራ ለመሳቅ ትሞክርና ወደ መጋዘኑ ትገባለች። ልንገራት፣ ልንገራት ትልና፣ ያን ፊት ስታይ ይጨንቃታል።

የጣቷ ቁስል ደርቆ ጠፍቶ ነበር። አንድ ቀን ግን ቦታው ይበላት ጀመር። ከዚያ ጉንዳን እንደሚሄድበት እየወረራት እስከ ክንዷ ወጣ። ራሷን አመማት፣ አተኮሳት። ወባ ነው አለችና ተኛች።

ጋሼ ጆቴ የመጡት በዚያው ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ነው። እናትነሽ ቀድማ ከመናኸሪያ ተቀበለቻቸው፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት አስከትላ፣ እሳቸውን በእጇ ይዛ ገባች። አሰለፈች ካልጋዋ ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው እሳቸውን ነው፤ ቀጥሎ እግራቸው ሥር የሌለውን ውሻ።

"ጋሼ ጆቴ? ምነው፣ አልሄዱም?"

"ተቀመጪ አሰለፈች። ቡላ አልፏል" አሉ፤ በዳበሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው። "አዲስ አበባ እንደገባን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ አሉት። እኔም መርፌ ላይ ነበርኩ። ደግነቱ ሌላ ሰው አልነካም፤ ሆራ መልእክቴን አድርሶልሽ የለ?"

አሰለፈች እናትነሽን አየቻት። እናትነሽ፣ "አልነገርኳትም፤ እንዳይከፋት ብዬ ነው፣ እርስዎ ሲመጡ ብዬ ነው" እያለች ነበር። አሰለፈች ቀኝ እጇን በግራ እጇ ይዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

"ነክሶኝ ነበር" አለች፤ ያፈረች ሰው ድምፅ ነበር።

ጋሼ ጆቴ እንዳልሰማ ሰው ጆሯቸውን አስጠጉ። "ነክሶኝ ነበር፣ ጋሼ ጆቴ። ሳጥኑን ሳለማምደው።" ያኔ ነው እናትነሽ ደረቷን ደቅታ መሬት ላይ የወደቀችው።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ወሰዷት። ሐኪሙ እጇን ዳሰሰ፣ ብርጭቆ ውኃ አቀረበላት። ልትጠጣ ከንፈሯ ላይ ስታደርሰው ጉሮሮዋ ተዘጋ፤ መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ፤ ብርጭቆው ወደቀ። ሐኪሙ እነጋሼ ጆቴን ወደ ውጭ ጠራቸው። ሕመሙ አንዴ ከጀመረ መድኃኒት የለውም አላቸው። መልእክቱ በመጣበት ቀን ደርሳ ቢሆን ግን መርፌው ያድናት ነበር። ይህን የመጨረሻውን ባይናገር ምን ነበረበት? ተናገረ፤ እናትነሽም ሰማችው።

አሰለፈች አእምሮዋን አልሳተችም ነበር። መጥፎው ነገር ይኸው ነው፤ በመሐል በመሐል ጥርት ይልላታል። ጋሼ ጆቴ አጠገቧ ተቀመጡ።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሏት።

"ብነግርዎት ይቀሩ ነበራ።"

ጋሼ ጆቴ በዚያ በጠበበ ዓይናቸው ፊቷን ፈለጉ። "ቀረሁ እኮ፣ አሰለፈች" አሉ። "ያው ቀረሁ።"

አሰለፈች ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ናዝሬት አመጧትና ተቀበረች። ጋሼ ጆቴ ሌላ ቪዛ አልጠየቁም፤ ክረምቱ ሲወጣ የቀረችውም ብርሃን ጠፋች። ሰው እየመራ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል፤ ሌላ ውሻ እናምጣልዎ ያላቸው ሰው ግን ሁለተኛ ደጃቸው አልደረሰም።

እናትነሽ ጆንያ መስፋቷን አልተወችም። ሳቅና ጨዋታ ግን ተወች። በሰፈሩ ጨካኝ የሚል ስም ወጥቶላታል፤ ክፉ ወሬ አትደብቅማ። የጎረቤቷ የዘርፉ ልጅ ሰሜን ጦር ግንባር የሞተ ጊዜ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ የመርዶው ቀን ተቆርጦ ሳለ፣ እናትነሽ ዘርፉን ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘቻት። ዘርፉ ለልጇ ስንቅ የሚሆን በሶ ልታስፈጭ ነበር የመጣችው።

"ዘርፉ" አለቻት፣ "ልጅሽ ሞቷል። ሁላችንም እናውቃለን፤ ያላወቅሽው አንቺ ብቻ ነሽ።"

ዘርፉ በጥፊ መታቻት። እናትነሽ ጥፊውን ተቀብላ አቀፈቻትና፣ ገብሱ በፈሰሰበት መሬት ላይ አብራት ተቀመጠች።